ሆድና ጭብጨባ

ፑቲን የሚባለው ምግብ (ከሩሲያው መሪ ስም ጋር አይምታታ) እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የተጀመረ ነው። በድንች ጥብስ ላይ አይብ ይበተንና ትኩስ የሥጋ መረቅ ይፈስበታል። አንዳንድ መጠጥ ቤቶች ይህንኑ ብዙ ኪሎ አድርገው በትሪ እያቀረቡ ሰው ይፈትናሉ። በተወሰነው ሰዓት የጨረሰ ሒሳብ አይከፍልም፤ ፎቶግራፉም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያልጨረሰ ይከፍላል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ሆዳምነት ነውን? ብዙዎቻችን ፈጥነን «አዎን» እንላለን። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ሆዳም ምግቡን ይወዳል፤ ይህ ሰው ግን ከግማሹ በኋላ ይጠላዋል። መረቁ ቀዝቅዞ፣ አይቡ ደርቆ፣ ሰውነቱ «በቃኝ» እያለው ይውጣል።

ታዲያ ጿሚስ ቢሆን ሰውነቱን እንቢ ይል የለምን? ልዩነቱ በጭብጨባው ላይ ይመስለኛል። ጿሚ በስውር እንዲጾም ታዟል፤ ይህኛው ግን ተመልካች ከሌለ ወደ ገበታው አይቀርብም። መነኩሴው ኤቫግሪዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስምንቱን ክፉ አሳቦች ሲቈጥር ሆዳምነትን በመጀመሪያ አኑሮ ውዳሴ ከንቱን ለብቻው ጽፏል።

እንግዲህ ነገሩ ከበላተኛው ይልቅ ዙሪያውን ቆሞ «ጨርስ! ጨርስ!» የሚለውን አይነካምን? እርሱ ዝም ቢል ያ ወጣት ገና ሲጠግብ ሹካውን ባስቀመጠ ነበር።