የመዝሙር ደራሲና ስሙ

መዝሙርን ከሌላው ድርሰት የሚለየው በውስጡ ያለው «እኔ» የደራሲው ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ሰው «እኔ» ሲል ስለ ራሱ ይናገራል፤ አንባቢውም ያን ቃል ለራሱ አያደርገውም። መዝሙር ግን ዘማሪው አፉን በከፈተ ጊዜ ከደራሲው እጅ ይወጣል። በጉባኤ መካከል መሪው ቁጥሩን ይጠራል፤ ሕዝቡ መጽሐፉን ገልጦ ይዘምራል፤ የደራሲው ስም ተጽፎ ቢሆን እንኳ በደቃቅ ፊደል ከገጹ ግርጌ ሰፍሮ ሳይታይ ይታለፋል። ታዲያ የመዝሙር ደራሲ መረሳት የሥራው መሳካት ነው ወይስ በደል?

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የመጀመሪያው መልስ የሚያመዝን ይመስላል። ድጓው በቅዱስ ያሬድ ስም ቢጠራም የብዙዎቹ መልክዖች ደራሲዎች አይታወቁም፤ ይህም እንደ ጉድለት አልተቆጠረም። በስዊድን ደግሞ የቄስ ልጅ የነበረችው ሊና ሳንዴል (1832–1903) ብዙ የታወቁ መዝሙሮችን ጽፋ ስሟን በሁለት ፊደላት ብቻ ታመለክት ነበር። ሳንዴል የሠራችለት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉም ጣቢያ ነበረው። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚያ ነው፤ በእምኩሉ ስለ መዝሙር የደከሙት ሰዎች ስማቸውን በፈቃዳቸው የሸሸጉ አልነበሩምና።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ በ1856 (እ.ኤ.አ.) ግድም ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሸጡ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው። በስዊድን ተምረው ከተመለሱ በኋላ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ቢሞክሩም መንገዱ ስላልቀናቸው፣ እምኩሉ ተቀምጠው 100 ዝማሬዎች የያዘ የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አዘጋጁ። ከዝማሬዎቹ መካከል ከስዊድንኛ የተመለሱ ይገኙበታል።

መጽሐፉ በተዘጋጀበት በ1886 አንዲት ወጣት እምኩሉ ደረሱ። አስቴር ጋኖ ይባላሉ፤ የመጡትም ከጅማ ምድር ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ከሚያልፍባት ከአሰንዳቦ በስተሰሜን ምዕራብ፣ አሁን በቡናው ስሙ የሚነሳው ሊሙ፣ ያኔ የሊሙ እናርያ መንግሥት ነበር። በጅማው የሂርማታ ገበያም ከቡና፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ነፃ ሆነው የተወለዱትን አስቴርን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ ተጭነው ሲሄዱ ጀልባዋ በጣሊያን መርከብ ተያዘችና ነፃ ወጥተው በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገቡ።

አስቴር ያን ሁሉ ሲያልፉ ቋንቋቸው አልጠፋባቸውም። 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ተረቶች ሰበሰቡ፤ ከፊሎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጡ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ለነበሩት ለኦኔሲሞስ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ ለወጣ ተርጓሚ፣ የአገሩን አነጋገር በጆሮው የያዘ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። አስቴር ያዘጋጁት የቃላት ስብስብ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት፣ ኋላም በ1899 ለታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀመ። ሊዲያ ዲምቦና ስቴፋኖስ ቦናያም ከሥራው ባልደረቦች ነበሩ። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ የሚያውቀው በአንድ ሰው፣ በኦኔሲሞስ ስም ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስም አልባነት አለ። ሳንዴል ስም ነበራት፤ አሳጠረችው። ለመዝሙሩ ሲባል ስምን መተው ስጦታ የሚሆነው ሰጪው አስቀድሞ የራሱ ስም ሲኖረው ነው። ነጋዴ በገበያ ዋጋ ያወጣለት ሰው ግን ስሙን የተነጠቀ ነው፤ ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ሳይጠቀስ ሲቀር ያው ንጥቂያ ይቀጥላል እንጂ ትሕትና አይባልም። ስለዚህ የመልክዑ ደራሲ አለመታወቅና የአስቴር አለመታወቅ በውጭ ቢመሳሰሉም በመሠረቱ አንድ አይደሉም።

እግዚአብሔር ያውቃቸዋልና የሰው መዝገብ ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ ለደራሲው መጽናኛ ነው፤ ለአንባቢው ግን ከኃላፊነት ማምለጫ ሊሆን አይገባም። የብዙዎች ድካም በአንድ ሰው ስም ሲነገር የሚጎዳው የተረሳው ሰው ብቻ ሳይሆን እውነቱም ነው፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በመጽሐፍ መግቢያ ላይም ይሠራል። ኦኔሲሞስም ቢሆኑ ባልደረቦቻቸው በመጠቀሳቸው አያንሱም፤ ከባርነት የወጡ ሰዎችን አሰባስበው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲሠሩ ማድረጋቸው ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ዘማሪው በሚዘምርበት ሰዓት ደራሲውን ማሰብ አይጠበቅበትም፤ መዝሙሩ የራሱ ጸሎት ሆኗል። ኃላፊነቱ የአሳታሚው፣ የታሪክ ጸሐፊውና የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ነው። አስቴር በ1904 ከኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ሄደው ነቀምት ላይ በማስተማር ሲያገለግሉ ኖረው በ1964 አረፉ፤ የመዝሙሩና የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ በሚነገርበት ሁሉ ከኦኔሲሞስ ቀጥሎ መነሳት ያለበት ስም የእርሳቸው ነው።