መጫኛው

አንድ ሰው ነበር አሉ። 20 ዓመት ሙሉ ከወንበር አልተነሣም፤ በ50 ዓመቱ ድንገት ብድግ አለና በኅዳር ለሚካሄደው ለታላቁ ሩጫ፣ ለ10 ኪሎ ሜትሩ ተመዘገበ። በመጀመሪያው ሳምንት ሮጠ። በሁለተኛው እጥፍ ሮጠ። ትንፋሹ ስላልከዳው በሦስተኛው እንጦጦን ወጣ። ሲወርድ ባቱ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

እያነከሰ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ወደሚኖሩ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ባቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አልተበጠሰም» አሉ። ከዚያም ከግድግዳው ላይ ክው ብሎ የደረቀ የጠፍር መጫኛ አውርደው፣ ቅቤ ቀብተው ያሹ ጀመር። በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፤ ትንሽ ሳብ፣ ለቀቅ፤ ደግሞ ሳብ፣ ለቀቅ። ሰውየው ሱሪውን እንደ ሰበሰበ ጠበቀ።

«አባባ፣ የእኔስ እግር?»

«ነገ ና። ከታክሲው ማዞሪያ ጀምረህ በእግርህ፣ ቀስ ብለህ ና።»

በማግስቱ መጣ፤ ሽማግሌው መጫኛውን ያሻሉ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀ፤ መጫኛውን ከእጃቸው ነጥቆ በኃይል ሳበው። ጫፉ ተሰነጠቀ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ተቀብለውት ስንጥቁን ቅቤ አጠጡና ማሸታቸውን ቀጠሉ። «ነገ ና።»

መጣ። ደግሞ መጣ። በ15ኛው ቀን መጫኛው እንደ ነጠላ ተጠቀለለ።

«አባባ፣ እግሬን የሚያሹልኝ መቼ ነው?»

«የመጀመሪያ ቀን ዳገቱ ላይ ስንቴ አረፍክ?»

«አራቴ።»

«ዛሬስ?»

ሰውየው ዝም አለ። ዞር ብሎ ዳገቱን አየው።

ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በሳምንታት ውስጥ «እንሂድ» ይላሉ። ጡንቻም ይከተላቸዋል። ጅማት ግን ደም የሚደርሰው በስሱ ነውና ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል፤ የሚጠነክረውም ተሰቅሎ አይደለም። ዛሬ በልክ ተራምደው ሕመሙ ነገ ጠዋት ካልባሰ መንገዱ ደኅና ነው። ካበጠ ወይም መርገጥ ካስቸገረ ግን ነገሩ የሐኪም ነው።

ሰውየው በዚያ ኅዳር አልሮጠም። በሚቀጥለው ኅዳር ሮጠ። መጫኛውም ዛሬ ግድግዳው ላይ የለም፤ አህያ ላይ ነው።