ስለ መብል መውደድና መጥላት

የሰው ምላስ አንዱን መብል ወድዶ ሌላውን ቢጠላ ኃጢአት ይሆንበታልን? ይህ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው ግን በየቀኑ ይገናኘዋል። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ በኋላም ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ፥ ወደዚህ ሠፈር ያልመጣ የአገራችን ወገን የለም ማለት ይቻላል። ኦሮሞውና ጉራጌው፥ ወላይታውና ጎጃሜው አጥር ለአጥር ተጎራብቶ ይኖራል። በምሳ ሰዓት በመንደሩ ውስጥ የሚያልፍ መንገደኛ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ በአፍንጫው ብቻ ኢትዮጵያን ይዞራታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የባቡር መንገድ ሊሠሩ ቻይናውያን በመጡ ጊዜም፥ በየጠላ ቤቱ የሚወራው ስለሚሠሩት ሥራ አልነበረም፤ ስለሚበሉት መብል ነበር እንጂ።

እኔ በልጅነቴ በጎጃም በቅኔ ቤት ሳለሁ እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኮፋዳ አንግቼ በየደጁ እለምን ነበር። ውሻ እየተከላከልን የለመንነው ሁሉ በአንድ አኮፋዳ ይገባል፤ የጤፉ ቁራሽ ከዳጉሳው፥ የገብሱ ከበቆሎው፥ የትናንቱ ከዛሬው ተደባልቆ ይወጣል። ይህን እወድዳለሁ፥ ያንን እጠላለሁ የሚል ተማሪ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ምላሴን የገራሁ መስሎኝ ኖርሁ።

ወደ አቃቂ መጥቼ ቤት በተከራየሁ በሁለተኛው ወር የመስቀል በዓል ዋለ። የጉራጌ ተወላጅ የሆነች ጎረቤቴ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋራ በሳሕን አድርጋ «የኔታ፥ እንኳን አደረሰዎ» ብላ ገባች። እኔም «አሁን በልቼ መነሣቴ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት። አልበላሁም ነበር። ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ የቆመው ትንሽ ልጅ ግን «እማዬ፥ የኔታ አፍንጫቸውን ያዙ» አላት። እርስዋም ልጁን ገሥጻ፥ ፈገግ ብላ፥ ሳሕኑን ይዛ ተመለሰች። ዳዊት በ33ኛው መዝሙር መቅመስን ከማወቅ አስቀድሞ አኑሮታል፤ ያንን መዝሙር ከሕፃንነቴ ጀምሬ በቃሌ የምደግም እኔ ሳልቀምስ ፈረድሁ።

ቆጮ ከእንሰት የሚገኝ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ተክሉ ተፍቆ በጉድጓድ ይቀበራል፤ ለወራትም ከቦካ በኋላ ተጋግሮ ይበላል። ድርቅን ስለሚታገሥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮውን በእርሱ ላይ አድርጓል። መቡካቱ አስጠላኝ እንዳልል እንጀራም የሚጋገረው ቦክቶ ነው። ሽታው አስጠላኝ እንዳልል ደግሞ በዐቢይ ጾም ስልጆ የሚበላ ሰው ስለ ሽታ የሚናገርበት አፍ የለውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ያው ቆጮ በከተማው ክትፎ ቤት ከጣባው አጠገብ ሲቀርብ ባለ ከረባቱ ሁሉ ዋጋ ከፍሎ እያመሰገነ ይበላዋል። እኔም ወዳጆቼ ጋብዘውኝ በልቼዋለሁ፤ ጣፍጦኛልም። ከዚያ ቀን ወዲህ፥ ያን ጊዜ ያስጠላኝ ቆጮው ነበርን ወይስ ያመጣችው እጅ? እያልሁ ራሴን መጠየቅ አልተውሁም።

በሕግ የተከለከለውን አለመብላት ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ጠብቃ እሪያና ግመል አትበላም። እስላሙና ክርስቲያኑም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህን ሥርዓት ግን ሰው ባልንጀራውን ሳይንቅ ሊጠብቀው ይችላል። አባቶቻችን ሠርግ በደገሱ ጊዜ ለእስላም ጎረቤቶቻቸው በገዛ እጃቸው እንዲያርዱ ለብቻ በግ ይሰጡ ነበር፤ ይህ መለየት ክብር እንጂ ንቀት አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. ከእኛ በታች በቢሾፍቱ ከተማ የአህያ ማረጃ ቄራ ተከፍቶ፥ ሕዝቡ ስለ ተቃወመ ተዘጋ። በቻይና አገር የአህያ ቆዳ ለመድኃኒት ይፈለጋል። ቄራው በመዘጋቱ እኔም አላዘንሁም። (ይሁን እንጂ አህያን መብላት የሚጸየፍ ሕዝብ ከአቅሟ በላይ ጭኖ ቀኑን ሙሉ ሲደበድባት አይጸየፍም፤ አህያይቱ ብትጠየቅ ምን ትመልስ ይሆን?) ያሳዘነኝ፥ «አህያ አንበላም» የሚለው ቃል ሳይውል ሳያድር በመንደራችን «አህያ በሎች» ወደሚለው ስድብ መለወጡ ነው።

ቅኔ የተማረ ሰው የዚህን ስድብ ፍቺ ለማግኘት አይቸገርም። መብሉ ሰም ነው፤ ወርቁ ሰውየው ነው። በጣና ዳር የሚኖሩ ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበረ ክርስቲያኑም እስላሙም ይጸየፋቸው ነበር። ጉማሬ ማደናቸው ቀርቶ ደንገል እያጨዱ ታንኳ በመሥራት ሲኖሩ ግን ንቀቱ አብሮ አልቀረም። በካፋም ማንጆዎች ጉሬዛና የዱር እሪያ ይበላሉ ተብለው ከሌላው ሰው ጋራ በአንድ ገበታ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖሩ፤ ከእነርሱም ክርስትና ተቀብለው ያን መብል የተዉትን እንኳ ንቀቱ አልተዋቸውም። ተጠላ የተባለው መብል ከጠፋ ጥላቻው ስለ ምን አልጠፋም? ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ቀረ።

ጴጥሮስ በኢዮጴ በሰገነት ላይ ሳለ፥ እንስሳት የሞሉበት ትልቅ ሸማ የመሰለ ዕቃ ከሰማይ ሲወርድ ባየ ጊዜ፥ ነገሩ ስለ መብል የተነገረ መስሎት ነበር። ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በገባ ጊዜ ግን የተማረው ስለ ሰው መሆኑን ራሱ ተናገረ። ስለ ሰው የሚነገረው ትምህርት በእንስሳት አምሳል የታየው፥ ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ ሰው ባዕድ የሆነበትን ሰው መናቅ የሚጀምረው ከገበታ ስለ ሆነ ነው።

እኛም በሌላው ምላስ ተመዝነናል። የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ከርሞ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላላችን ቢተርክ፥ በእንግሊዝ አገር ብዙዎች ሰው እንዲህ አይበላም ሲሉ ውሸታም አደረጉት። ዛሬም ወገኖቻችን በዋሽንግተን በከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ፈረንጅ ሁሉ የእንጀራን ኮምጣጣነት አይወድድም። ባይወድደው እንታገሠዋለን፤ ፊቱን ባጨማደደ ጊዜ ግን እናታችን የተሰደበች ያህል ይሰማናል። እንግዲህ ልዩነቱን እናውቀዋለን ማለት ነው።

«ምላሴ ከአባቴ የወረስሁት ነው፤ ምን ላድርገው?» የሚል ሰው ቢኖር፥ እስኪ ወጡን ይመልከት። ያለ በርበሬ ወጥ ወጥ አይደለም እንላለን፤ የበርበሬ ተክል ግን ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1492 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ከዚያ ምድር ወጥቶ በዓለም የተሠራጨ ነው። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ሲሉት፥ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ተባረረች፤ ፓስታዋና ማካሮኒዋ ግን አልተባረሩም፤ እንዲያውም በእንጀራ እየጠቀለልን እንበላቸዋለን። ጠላትን ጠልተን መብሉን መውደድ ከተቻለን፥ የጎረቤትን መብል ሳንወድድ ጎረቤትን ማክበር ስለ ምን ይሳነናል?

ባለፈው ዓመት እናቴ በጎጃም ዐረፈችና መርዶ ደረሰኝ። ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱም እንደ ሥርዓቱ በየተራ ምግብ ይዞ መጣ። ያች ሴት በሦስተኛው ቀን መጣች። ለለቀስተኛው ያመጣችውን ቆጮ ከእኔ አርቃ በድንኳኑ ጫፍ አስቀመጠች፤ በእጇ ደግሞ የጤፍ እንጀራና ሽሮ ወጥ በሌላ ሳሕን ይዛ «የኔታ፥ ለእርስዎ ይህን ሠርቻለሁ» አለችኝ። የሚያስተናግደው ልጇ ነበር፤ አድጎ ጎልማሳ ሆኗል። ቆጮውን ለሰው ሁሉ እያደለ ወደ እኔ ሲደርስ፥ አንገቱን ደፋ አድርጎ አለፈኝ። ከእርሱም አምጣልኝ ልለው ፈለግሁ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ይሰማ ነበርና አፈርሁ።