ኃጥእ ሲለመልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ኮርጆ ያለፈውንና በጉቦ የተቀጠረውን ስናይ «ጽድቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል አሳብ ይፈትነናል። አሳፍም በመዝሙር 72 ይህንኑ ጠይቆ መልሱን ያገኘው መቅደስ ሲገባ ነው።

እኛ የዘንዘልማ ልጆች የጣናን ደንገል እናውቃለን፤ ውኃው ሲሸሽ ይደርቃል። የኃጥእ ልምላሜም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን መድረቁን ላናይ እንችላለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 በስውር ገደላቸው። ገዳዮቹ 12 ዓመት ገዙ። ደርግ በ1983 ሲወድቅ፣ ዐፅማቸውም በ1984 በክብር ሲያርፍ በሥጋ አላዩም።

ስለዚህ እምነታችን የኃጥእን ውድቀት መጠበቅ ሳይሆን ውድቀቱን ሳናይም ከእግዚአብሔር ጋር መቆም ነው። በፈተና ወረቀታችን ላይ እንኳ ታምነን እንገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።