በጸጋ የዳነ ሰው ስለ ምን መልካም ይሠራል?

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በእጅህ የያዝሃት ምናልባት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ወይም ሱቅህን ዘግተህ ስታርፍ ይሆናል። ብዙ ጊዜህን አልወስድብህም። የምጠይቅህ ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ ይኸውም፦ እግዚአብሔር አንተን የሚቀበልህ ስለ ምን ነው? የሚል ነው።

በከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ አስብ። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ሳንቲም ይመጸውታል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ድኾችን ሰብስቦ ያበላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ወደ ልቡ ገብተህ ብትመለከት አንድ የሒሳብ መዝገብ ታገኛለህ። በአንዱ ገጽ ያጐደለው ሚዛን፣ በሐሰት የማለው መሐላ፣ ከእናቱ ልጅ ጋር በርስት የተካሰሰበት ነገር ተጽፏል፤ በሌላው ገጽ ጾሙና ምጽዋቱ ተጽፏል። ማታ ማታ ሁለቱን ገጾች ያመዛዝናል፤ ነገር ግን የትኛው እንደሚከብድ አያውቅምና እንቅልፉ የሰላም እንቅልፍ አይደለም።

ይህ ሰው ነጋዴ ሲሆን የገዛ ንግዱን ሕግ ዘንግቷል። ከአንድ ጅምላ ሻጭ የአንድ ሺህ ብር ዕቃ በዱቤ ብትወስድ፣ በማግሥቱም ተመልሰህ የመቶ ብር ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ብትገዛ፣ «ዛሬ የገዛሁትን ከፍያለሁና የትናንቱ ዕዳዬ ይሰረዝልኝ» ትላለህን? ሻጩ ይስቅብሃል። የዛሬው ክፍያ ለዛሬው ዕቃ ነው፤ የትናንቱ ዕዳ ግን እንዳለ አለ። እንዲሁም ዛሬ እግዚአብሔርን ብትወድድ፣ ባልንጀራህንም ብትረዳ፣ ዛሬ የሚገባህን አደረግህ እንጂ ከሚገባህ በላይ ትርፍ አላመጣህም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ስለ ባሪያውና ስለ እርሻው የተናገረው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል፤ ከእርሻ ተመልሶ ራት ያቀረበ አገልጋይ የታዘዘውን በማድረጉ ጌታው የእርሱ ባለ ዕዳ አይሆንም። እንግዲህ የትናንቱን ኃጢአት የምንከፍልበት ትርፍ ከወዴት ይመጣል?

ከእኛ ዘንድ አይመጣም። ወንጌል የምሥራች የተባለውም ስለዚህ ነው። ክርስቶስ በመስቀል ላይ የእኛን ዕዳ ከፈለ፤ ለእኛ የቀረው ይህን በእምነት መቀበል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ደመወዝንና ስጦታን ይለያቸዋል፤ ለሠራተኛ የሚሰጠው ደመወዝ የሚገባው ነው እንጂ ቸርነት ተብሎ አይቈጠርም። መዳን ግን ስጦታ ነው። ባለጸጋ ወዳጅህ ግብር ጠርቶህ፣ በመሶቡ ዙሪያ አስቀምጦህ፣ በገዛ እጁ አጕርሶህ፣ አንተ ስትነሣ ከኪስህ ገንዘብ አውጥተህ የእንጀራውንና የወጡን ዋጋ ብትቈጥርለት ምን ይሰማዋል? ከመስደብ ይልቅ ከባድ ስድብ ነው። በምጽዋታችን ሰማይን ለመግዛት ስንሞክር በእግዚአብሔር ማዕድ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሰው እንይ። ይህ የተማረ ጐልማሳ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያነብባል፤ «በጸጋ ድኛለሁ፤ ሥራ አያድንም» ይላል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ብሎ ይተኛል። አፉ ስለ ጸጋ ይናገራል፤ እጁ ግን የታጠፈ ነው። ለታመመ ጐረቤቱ አይሄድም፤ የተበደረውን መጽሐፍ አይመልስም፤ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሦስት ዓመት ሰላምታ አይሰጠውም። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔን ከነጋዴው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ነጋዴው ቢያንስ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል።

ይህ ጐልማሳ በቃሉ የያዘው የኤፌሶንን መልእክት 2ኛ ምዕራፍ 8ኛውንና 9ኛውን ቍጥር ነው፤ መዳን በጸጋ እንደ ሆነ፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ እንዳልሆነ የሚያስተምሩትን ማለት ነው። እኔም በተማሪነቴ እነዚህን ሁለቱን በቃሌ ስይዝ 10ኛውን አላነበብሁትም ነበር። እርሱ ግን ከእነርሱ ሊለይ አይችልም፤ እኛ የእግዚአብሔር እጅ ሥራ እንደ ሆንን፣ የተፈጠርነውም እርሱ አስቀድሞ ባዘጋጀው መልካም ሥራ እንድንመላለስ እንደ ሆነ ይናገራል። ሥራ ከበሩ በፊት ቢቆም የሚከለክል ግንብ ነው፤ ከበሩ በኋላ ግን የምንሄድበት መንገድ ነው።

ምናልባት «ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ሰው በእምነት ብቻ አይጸድቅም ይላል፤ ከጳውሎስ ጋር ተጣሉን?» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄህ የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰዎችን አሰናክሏል። ሁለቱም አብርሃምን ምስክር ይጠራሉና ወደ አብርሃም ታሪክ እንመለስ። ጳውሎስ የሚጠቅሰው በኦሪት ዘፍጥረት በ15ኛው ምዕራፍ ያለውን ነው፤ በዚያ ሌሊት አብርሃም ከዋክብትን አየ፤ የተስፋውን ቃል አመነ፤ እምነቱም ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብ ግን የሚጠቅሰው በ22ኛው ምዕራፍ ያለውን፣ ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ያቀረበበትን ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት አለ? እስማኤል የተወለደው ከ15ኛው ምዕራፍ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አብርሃም የ86 ዓመት ሰው ነበረ። ይስሐቅ ሲወለድ ግን 100 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወደ ተራራው ሲወጣም ይስሐቅ የመሥዋዕቱን እንጨት ለመሸከም የደረሰ ልጅ ነበረ። እንግዲህ አብርሃም ጽድቅ የተቈጠረለት ያን ሥራ ከመሥራቱ ከ14 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ጳውሎስ የዛፉን ሥር ያሳየናል፤ ያዕቆብ ደግሞ ፍሬውን አሳየኝ ይላል። ያዕቆብ የሚገሥጸው ያመነውን ሰው አይደለም፤ አምናለሁ እያለ የተራቈተውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ ሙቅ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድደውን ነው።

ዐሥሩ ትእዛዛትም ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቃሉ። በኦሪት ዘጸአት በ20ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር አስቀድሞ ከግብፅ ባርነት ያወጣቸው እርሱ እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ከዚያ በኋላ አዘዛቸው። ሕጉን ይዞ ወደ ግብፅ ሄዶ «ይህን ብትፈጽሙ አወጣችኋለሁ» አላላቸውም።

ከአገራችን ታሪክም አንድ ነገር ላንሣልህ። ዓመታቱን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር ይባላል፤ በኦሮምኛ «የሚተረጕም» ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ከአገሩ ራቀ፤ በመጨረሻም ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ነጻ ወጣ። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበሩ የስዊድን ሚሲዮን ሰዎች አስተማሩት፤ በ1872 ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ብለን የምናውቀው እርሱ ነው። ወደ ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት የሕዝብዋን ቃላትና ተረት እየሰበሰበች በዚህ ሥራ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍም በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምት ሕፃናትን ያስተምር ጀመር፤ ተቃውሞም ደረሰበት፤ እስከ ዕረፍቱም እስከ 1931 ድረስ ከሥራው አልተለየም።

አሁን ልብ አድርግ። ምጽዋ ላይ ከባርነት በወጣ ጊዜ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ አንዲት ገጽ እንኳ አልተጻፈችም ነበር። ነጻ ያወጡት ሰዎች በእርሱ ላይ ያዩት ጥቅም አልነበረም፤ ያዩት አንድ ምስኪን ልጅ ነው። ከነጻነቱ እስከ መጽሐፉ መታተም 29 ዓመት አለፈ። መጽሐፉ የነጻነቱ ዋጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ነጻ ከወጣ በኋላ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ስለዚያ ነጻነት ዛሬ ማን ይናገር ነበር?

ኦኔሲሞስ የሚለው ስም በግሪክ ቋንቋ «የሚጠቅም» ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ካለው፣ በአማርኛችን መጽሐፍ አናሲሞስ ከተባለው ባሪያ ነው። መልእክቱ 25 ቍጥር ብቻ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ስትጨርስ ገልጠህ አንብበው፤ ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ትፈጽመዋለህ። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ተለይቶ በእስር ቤት ወዳለው ወደ ጳውሎስ መጣ፤ በዚያም አመነ። ጳውሎስ መልሶ ሲልከው ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለሁለታችንም ይጠቅማል ሲል በስሙ ትርጓሜ ይጫወታል። ቀጥሎም እኔን እንደምትቀበል ተቀበለው፤ የበደለህ ወይም ዕዳ ያለበት ከሆነ በእኔ ላይ ቍጠረው ይላል፤ እንደሚከፍልም በገዛ እጁ ይጽፋል። እነሆ፣ ነጋዴው ሌሊት ሌሊት የሚፈልገው ነገር በዚህ አለ፤ የአንዱ ዕዳ በሌላው መዝገብ ተጻፈ። ክርስቶስ ለእኛ ያደረገው ይህ ነው።

ነገር ግን የመልእክቱ ጭንቅ በአናሲሞስ ላይ ሳይሆን በፊልሞና ላይ ነው። ፊልሞና ክርስቲያን ነው፤ በቤቱ ምእመናን ይሰበሰባሉ፤ በእምነቱና በፍቅሩ ጳውሎስ ያመሰግነዋል። አሁን ግን ጸጋ በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ ይመጣል። ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ይለመናል። ጳውሎስ ላዝዝህ ስችል እለምንሃለሁ ይላል፤ በግድ የተደረገ ቸርነት ቸርነት አይደለምና።

ወንድሜ ሆይ፣ አንቺም እኅቴ፣ በሕግ ባርነት ከአገራችን ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆነ። ነገር ግን በወጥ ቤታችሁ ያለችውን ልጅ አስቡ። ከገጠር መጥታለች፤ ከሁሉ በፊት ትነሣለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፤ ሁሉም ከበላ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። ደመወዝዋን «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ብላችሁ የያዛችሁት ስንት ወር ሆነው? ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ሲበደሉ ሰምተን እናለቅሳለን፤ እንባችንም ተገቢ ነው። የገዛ ቤታችን ልጅ በማታ ትምህርት ቤት ልግባ ብትል ግን «ሥራው ማን ይሠራዋል?» እንላለን። እሑድ ስለ ጸጋ እንሰማለን፤ ሰኞ ብርጭቆ ቢሰበር ዋጋውን ከደመወዝዋ እንቈርጣለን። ከእኛ ስንት ብርጭቆ ይቅር እንደ ተባለ አናስብም። ጳውሎስ ፊልሞና ይኖርበት ለነበረው ከተማ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ጌቶች ለአገልጋዮቻቸው ቅንና ትክክል የሆነውን እንዲሰጡ፣ እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው እንዲያስቡ ያዝዛል። ይህ ምክር ከመዳን ትምህርት በታች የተቀመጠ ትንሽ ነገር አይምሰልህ። መዳን በቤትህ ሲገባ የሚነካው የመጀመሪያው ነገር ምናልባት የልጅቱ የደመወዝ ቀን ይሆናል።

«እንግዲህ ደመወዝዋን ብከፍል እድናለሁን?» ብለህ ወደ መዝገብህ አትመለስ። አትድንም፤ የሚያድንህ ያ በመስቀል ላይ ዕዳህን የጻፈው ነው። ነገር ግን ዕዳው እንደ ተፋቀለት ያወቀ ሰው የልጅቱን ገንዘብ ይዞ እንዴት ይተኛል? ዘኬዎስን ተመልከት። ጌታ ወደ ቤቱ ሊገባ ሲጠራው ገና አንዲት ሳንቲም አልመለሰም ነበር፤ ከገባ በኋላ ግን ያታለላቸውን አራት እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ በደስታ ቆመ። ማንም አላዘዘውም።

ፊልሞና መልእክቱን አንብቦ ምን እንዳደረገ መጽሐፍ ቅዱስ አይናገርም። ጳውሎስ ግን በመጨረሻ አንዲት ቃል ጨምሯል፤ ከእስር ስፈታ ወደ አንተ እመጣለሁና የእንግዳ ማደሪያ አዘጋጅልኝ ይላል። ሐዋርያው አንድ ቀን ማታ ከመንገድ ደርሶ የፊልሞናን ደጅ ቢመታ፣ በሩን የሚከፍትለት አናሲሞስ እንደ ባሪያ አጐንብሶ ነውን? ወይስ ከወንድሙ ጋር ከተቀመጠበት ማዕድ ተነሥቶ ነው?