ድምፁ ሲያንስ

ሰው ሳያውቅ ባጠፋው ጥፋት ይጠየቃል? ይህ ጥያቄ በወጣቶች ጥናታችን ደጋግሞ ይነሣል። ዛሬ መልሱን ከማናስበው ስፍራ፣ ከተኩስ መለማመጃ ሜዳ እንፈልገው።

በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የሽጉጥ ጥይታቸውን ቤታቸው ይሠራሉ። የተተኮሰበትን ቀለሃ አጽድተው ከሥሩ አዲስ እሳት ጫሪ ይገጥሙበታል፤ ባሩድ ይሞሉና አፉን በእርሳሱ ይዘጉታል። ለ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የሚሞላው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ግራም ያነሰ ነው። መቶ ቀለሃ ሲሞላ ስልክ ቢጮህ ወይም ልጅ ቢጠራ አንዱ ባዶውን ሊታለፍ ይችላል። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በዓይን ከሌሎቹ አይለይም።

የዚያ ጥይት ተራ ሲደርስ በተለመደው ጩኸት ፈንታ እፍን ያለ ድምፅ ይሰማል። እሳት ጫሪው ብቻውን እርሳሱን ይገፋውና አፈሙዙ ውስጥ ያስቀረዋል። ተኳሹ ይህን አያይም፤ የሚያውቀው ድምፁ እንዳነሰና ሽጉጡ እጁን እንደ ወትሮው እንዳልገፋው ብቻ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቁም፤ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፤ ከዚያም ሽጉጡን ባዶ አድርገህ ውስጡ አለመዘጋቱን ፈትሽ። ሰው ግን ይቸኩላል። "ከሸፈ" ብሎ ሌላ ጥይት ያቀባብልና ቃታውን ይስባል። ሁለተኛው ጥይት መንገዱን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ፍንጣሪው አጠገብ የቆመውንም አይምርም።

ባሩዱን መርሳት ስሕተት ነው። ያነሰውን ድምፅ ሰምቶ እንደገና መተኮስ ግን ምርጫ ነው። በዘጸአት 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠው ሕግም ይህን ይለያል። በሬው ሰው ቢገድል፣ የበሬውን ጠባይ ያላወቀው ባለቤት ነጻ ነው፤ አስቀድሞ ተነግሮት ያልጠበቀው ግን ይጠየቃል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ልዩነቱ ማስጠንቀቂያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምረው ቡድን ውስጥ አንዱን ወንድም "እንዴት ነህ?" አልሁት። "ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" አለኝ። ቃሉ የሁልጊዜው ነበር፤ ድምፁ ግን አንሶ ነበር። ሰምቻለሁ። ፕሮግራሙ ሊጀመር ስለ ነበር "ዛሬ ጸሎቱን አንተ ምራልን" ብዬ አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት አላየነውም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ምን እንደ ከበደው አለማወቄ በደል አልነበረም፤ መስማቴን ግን ልክድ አልችልም።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በጓደኛችሁ ድምፅ ውስጥ የጎደለ ነገር ስትሰሙ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አትቸኩሉ። ቁሙ፤ ደግማችሁም ጠይቁ። 30 ሰከንድ ብዙ አይደለም።