የተዋሐደውን ድምፅ ስለ መለየት

ሰው ነገርን ለማወቅም ሆነ ለመጠቀም ሲሻ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በመለየት ነው። ገበሬ እህሉን ከገለባው፥ ወርቅ አጣቢ ወርቁን ከአፈሩ፥ ዳኛም እውነቱን ከሐሰቱ ይለያል። ነገር ግን እህልና ገለባ በአውድማው ላይ ሳሉም ሁለት ነበሩ። ማርና ውኃ ጌሾ ገብቶባቸው ጠጅ ከሆኑ በኋላ ግን ማሩን ከብርሌው መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ከብዙ ሰዎች ትንፋሽና እጅ የተሠራ ዘፈን እንደ እህሉ ነውን ወይስ እንደ ጠጁ? አንዱን ድምፅ ከሌሎቹ ነጥሎ ማውጣት ቢቻልስ፥ የተቻለው ሁሉ የተገባ ይሆናልን?

ይህን ጥያቄ ለጨዋታ ብለን የምናነሣው አይደለም። የድምፅ ማረሚያ የሆኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ዛሬ የተቀላቀለውን ዘፈን ተቀብለው የዘፋኙን ድምፅ ለብቻ፥ ከበሮውን ለብቻ፥ ቤዝ ጊታሩንም ለብቻ አድርገው በጥቂት ደቂቃ ይመልሳሉ። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስፕሊተር የሚባለውን ፕሮግራም ለማንም በነጻ ከሰጠ ወዲህ፥ ሥራው የስቱዲዮ ባለሙያዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማንም ተማሪ በቤቱ ሊሠራው የሚችል ሆኗል።

የነገሩን አሠራር ማወቅ ለፍርዳችን ይጠቅመናል። ድምፆች ሲቀላቀሉ የአየሩ ንዝረት ይደመራል። ድምሩ ዐሥር መሆኑን ብቻ የሰማ ሰው፥ ተደማሪዎቹ ስድስትና አራት ይሁኑ ሰባትና ሦስት ሊያውቅ አይችልም። የቀድሞ ባለሙያዎች ለዚህ አንድ ብልኀት ነበራቸው፤ በስቴሪዮ ቅጂ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝና በግራ እኩል ስለሚቀመጥ፥ አንዱን ወገን ከሌላው ሲቀንሱት ድምፁ ይጠፋና አጃቢው ሙዚቃ ይቀራል። ነገር ግን እንደ ዘፋኙ በመካከል የተቀመጠው ቤዝና ከበሮም አብሮ ይጠፋል፤ ስቴሪዮ ሳይመጣ በተቀዳ አሮጌ ሸክላ ላይማ ብልኀቱ ፈጽሞ አይሠራም። የዛሬው ፕሮግራም የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ክፍሎቻቸው ተለይተው የተቀመጡ ብዙ ዘፈኖች አስቀድሞ ይሰጡትና የሰው ድምፅ ምን መልክ፥ ከበሮም ምን መልክ እንዳለው ይማራል፤ ከዚያም አዲሱን ዘፈን በየቅጽበቱ፥ በየድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፋፍሎ፥ ይህ የዘፋኙ፥ ይህ የከበሮው እያለ ይመድባል። ስለዚህ የሚሰጠን ነገር በግምት የተገኘ ነው። ግምቱ ሲያምር ያስደንቃል፤ ሲሳሳት ግን በዘፋኙ ትንፋሽ ውስጥ የሌላ መሣሪያ ጥላ ይሰማል።

በዚህ ሥራ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የገነነው በእንግሊዞቹ ሙዚቀኞች፥ በቢትልሶች ዘፈን ላይ የተደረገው ነው። ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ቤቱ ፒያኖ እየመታ አንድ ያላለቀ ዘፈን በካሴት ቀዳ፤ በ1980ም ሰው ገደለው። ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ካሴቱን በ1994 ለፖል ማካርትኒ ሰጠችው። የቀሩት ሦስት ጓደኞቹ በ1995 ዘፈኑን ሊፈጽሙት ሞከሩ፤ ነገር ግን ፒያኖው ድምፁን ስለ ሸፈነባቸው ተዉት። ከሦስቱም አንዱ፥ ጆርጅ ሃሪሰን፥ በ2001 ሞተ። በኋላም የፊልም አዘጋጁ ፒተር ጃክሰን ስለ እነዚሁ ሙዚቀኞች በ2021 ላወጣው ፊልም የተሠራው የመለያ ዘዴ፥ የሌነንን ድምፅ ከፒያኖው ነጥሎ አወጣው። በሕይወት ያሉት ሁለቱ አዲስ ሙዚቃ ጨመሩበት፤ ሃሪሰን በ1995 የተጫወተው ጊታርም ገባበት፤ ዘፈኑም «ናው ኤንድ ዜን» ተብሎ በ2023 ወጣ።

ይህን የሰማ ሰው ሙት ተነሥቶ የዘፈነ ያህል ቢደሰት አንፈርድበትም። ሠሪዎቹም የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው፤ ካሴቱን የሰጠችው የሟቹ ባለቤት ናት፥ የፈጸሙትም የገዛ ባልንጀሮቹ ናቸው፥ እንዴት እንደ ሠሩትም ለሕዝብ ገልጠው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል። ከድምፁ ተለይቶ የተጣለው ፒያኖ የባዕድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ የዚያው የሌነን እጅ የመታው ነበር። በዚያን ቀን እጁ ለጕሮሮው መንገድ ይመራው፥ ጕሮሮውም ለእጁ ይመልስለት ነበር። ዘዴው ጕሮሮውን በመረጠ ጊዜ እጁ ትራፊ ሆኖ ቀረ። የጕዳዩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ነጥለን ባወጣን ቍጥር የቀረውን ትራፊ ብለን እንሰይመዋለን፤ ትራፊ ያልነው ግን የሰው ድካምና የሰው ዕድሜ ነው።

ወደ አገራችን ዜማ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እነዚህን ፕሮግራሞች ለማስተማርና ለመፈተን በተመራማሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው የዘፈን ስብስብ፥ ሙስዲቢ 18 የሚባለው፥ 150 ዘፈኖች አሉት፤ እያንዳንዱም በአራት ክፍል ተመድቧል፤ እነርሱም የሰው ድምፅ፥ ከበሮ፥ ቤዝና «ሌላ» ናቸው። ማሲንቆና ክራር፥ ዋሽንትና በገና በዚህ አመዳደብ የት ይገባሉ ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ «ሌላ» ከተባለው ውስጥ። በእኛ ዘንድ ግን ማሲንቆ ሌላ አይደለም። አዝማሪው በአንድ ሰውነት ይዘፍናል፥ ይገዘግዛልም፤ ጭራው የጕሮሮውን ዜማ እየተከተለ፥ ቃሉ ባረፈበትም ቦታ እየተካ ይሄዳል። ይህም ብቻ አይደለም፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚያቀብለው ታዳሚ፥ እልል የምትለው እናት፥ የሚያጨበጭበውም ወጣት ከዘፈኑ ድርሻ አላቸው። የአዝማሪውን ድምፅ ብቻ ነጥለን ብናወጣ፥ ጥያቄው የተደመሰሰበት መልስ ይዘን እንቀራለን።

ታዲያ መለየት ኀጢአት ነው ልንል ነውን? አይደለም። ይኸው ዘዴ ትራፊ የተባለውን ከወደቀበት ለማንሣትም ይችላል። ስሙ በሸክላው ሽፋን ላይ ያልተጻፈ፥ በዘፋኙ ድምፅና በናሱ መሣሪያ ጩኸት የተዋጠ ክራር መቺ፥ ጣቶቹ ምን ያህል ይራቀቁ እንደ ነበር ተነጥሎ ሲሰማ ይታወቃል። መምህሩም ለደቀ መዝሙሩ ያንን ክፍል ለብቻው እያሰማ ካስተማረው በኋላ ወደ ሙሉው ዘፈን ቢመልሰው ጆሮውን ያሰፋለታል። እንግዲህ ልዩነቱ በአሳቡ ነው፤ ለመስማት የሚለይ አለ፥ ለመጣልም የሚለይ አለ። የመጀመሪያው ከለየ በኋላ ወደ ኅብረቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን የሚሻውን ይዞ ይሄዳል፥ የሞተውንም ዘፋኝ ድምፅ በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቀው ሙዚቃ ላይ ጭኖ ይሸጣል።

የአገራችን ሕግ ስለዚህ ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ጋር የከዋኙንና የድምፅ ቀረጻ አዘጋጁን መብት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠይቀው ፈቃድ የማን እንደ ሆነ ነው፤ ኅሊና ደግሞ ከዚህ አልፎ የተረሳው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ፈቃድ ያገኘ ሰው እንኳ ሁለት ዕዳ ይቀርበታል፤ አንዱ ያወጣው ድምፅ በግምት የተለየ መሆኑን ሳይሸሽግ መናገር፥ ሁለተኛውም አብረው የሠሩትን በስማቸው መጥራት ነው።

ይህም ነገር ለዘፈን ብቻ የሚነገር አይምሰለን። በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም የብዙዎች ድካም ባንድ ስም ይወጣና የቀሩት «እና ሌሎች» ተብለው በሁለት ቃል ይታለፋሉ። ጽሑፉን ያረመው፥ መዝገቡን ሌሊት ያገላበጠው፥ መንገዱን በእግሩ የሄደው ሁሉ በዚያ በአንዱ ቃል ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ እየተናገርን፥ አንበሳው ከታሰረ በኋላ አንዱን ክር ብቻ መዝዘን የምናወድስ ከሆነ፥ ምሳሌውን ከአፋችን አላሳለፍነውም። መለየትን የሚያውቅ እጅ ያገኘን ሰዎች፥ «ሌላ» ብለን ባስቀመጥነው ውስጥ ማን እንዳለ ለማዳመጥ ጆሮአችንን እናቅና።